ከሥራ የተረፈችው ሰዓት፤ በሐረር በፈላና በር የተደረገ ምልልስ

ልብስ ሰፊው፦ መምህር፣ ባለፈው ያነሡት ነገር እስካሁን አልተዋጠልኝም። ሰው ከሥራ የተረፈችውን ሰዓት የሰው ወሬና የሰው ሥዕል በስልኩ ሲያገላብጥ ከሚያሳልፋት፣ የራሱን ነገር ቢጽፍባት፣ ቢቀርጽባት፣ ቢሠራባት ይሻለዋል አሉ። እኔ ግን ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምሬ በመኪና ግርግር፣ በሰፊዎቹ ጎዳና፣ ስቀድና ስሰፋ ነው የምውለው። እርስዎ መፍጠር የሚሉት ለኔ የቀን እንጀራዬ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሰው ስሠራ ውዬ ማታ የሰው ሥራ ልይ ብል ምን ነውር አለብኝ?

መምህሩ፦ ነውርስ የለብህም፣ ልጄ፤ ዕረፍትንም የነቀፍሁ አይምሰልህ፤ እግዚአብሔር እንኳ ስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው ማረፉ ተጽፎልናልና። እኔ ያልሁት ዕረፍት ሌላ፣ ሐኬት ሌላ መሆኑን ነው። ከሥራ የተመለሰ ሰው በርጫው ላይ ተቀምጦ ከወዳጆቹ ጋር ሲጨዋወት አካሉም ልቡናውም ያርፋል፤ ነገር ግን በዚያው በርጫ ላይ አምስት ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ አምስቱም አንገታቸውን ደፍተው፣ የማያውቁት ሰው ከማያውቁት ሰው ጋር ሲሰዳደብ በየመዳፋቸው ሲያዩ አምሽተው፣ ወደ እኩለ ሌሊት ዓይናቸው ቀልቶ ልባቸውም ተበሳጭቶ፣ ያዩትን ንገሩን ቢባሉ አንዱን እንኳ ከነመልኩ መንገር ተስኗቸው ሲለያዩ፣ ይህን ዕረፍት ብዬ ለመጥራት ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ልብስ ሰፊው፦ ይህ የክፉ ወሬ ጥፋት ነው እንጂ የማየት ጥፋት አይደለም። እኔ ማታ የማየው የሐረሪ ዘፈን፣ የቁርኣን ንባብ፣ አንዳንዴም በቱርክ አገር ያለ ሰፊ ኮት ሲቀድ ነው። የኮቱን አንገት አጣጣፍ ከዚያ ሰው ነው የተማርኩት፤ ይኸው አሁን ለሙሽራ እየሰፋሁበት ነው።

መምህሩ፦ እንግዲህ ሳታስበው ለኔ መሰከርህልኝ። ያየኸው ነገር በእጅህ አልፏል፤ መቀስህ ነክቶታል፤ መጀመሪያ ተበላሽቶብህ ኋላ ተስተካክሎልሃል። የምቃወመው መቀበልን ሳይሆን፣ ሰው የተቀበለውን በእጁ ሳያሳልፍ ወደሚቀጥለው መዛወሩን ነው። የዚችን ባለ ግንብ ከተማ የጁጎልን ሰዎች አስብ። በአሚሮቹ ዘመን የነበረ አንድ ከቢር፣ ማለት የእስልምና መምህር፣ ቅዱስ መጽሐፉን ሲገለብጥ፣ ከባሕር ማዶ በመጣ ውድ ወረቀት ላይ ቃል በቃል፣ መስመር በመስመር እየጻፈ ወራትን ይፈጅና፣ ሲፈጽም በመጨረሻው ገጽ ላይ ስሙን፣ የፈጸመበትን ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም መጽሐፉ ለየትኛው መስጊድ ወይም ለየትኛው ቅዱስ መካነ መቃብር በወቅፍ እንደ ተሰጠ ያኖር ነበር። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ በታኅሣሥ 1847 ዓ.ም. ወደዚህች ከተማ ገብቶ ጥቂት ቀናት ሲቀመጥ፣ በብዙ ነገር የነቀፋት ቢሆንም የመጽሐፍ ጥረዛዋን ግን ከምሥራቅ አገሮች ሥራ ጋር አነጻጽሮ እጅግ አመስግኗል።

ልብስ ሰፊው፦ ገልባጭ ግን ፈጣሪ አይደለም። ከቢሩ ከራሱ አንዲት ፊደል እንኳ ቢጨምር ኃጢአት ይሆንበት ነበር። የሰውን ቃል ወደ ሌላ ሰው ማሳለፍ ከሆነ ነገሩ፣ እኔም በቴሌግራም ያገኘሁትን መልካም ነገር በቀን ለሃያ ሰው አስተላልፋለሁ።

መምህሩ፦ አንተ ስታስተላልፍ ቃሉ በአንተ ላይ ምን ሠራ? ከቢሩ አንዱን ሱራ ጽፎ ሲነሣ ሱራው በእጁም በልቡም ተጽፏል፤ ከፊደሉ አጣጣል፣ ከኅዳጉ ሐረግ፣ ከቀለሙ አመራረጥ ደግሞ ይህ የሐረር እጅ ነው የሚያሰኝ መልክ ወጥቷል። ከራሱ ቃል ሳይጨምር የራሱን አሻራ አኖረ። አንተ ግን በአውራ ጣትህ ስታሳልፈው ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው እንኳ አላነበብኸውም፤ ከስሩም ስምህን ጽፈህ ስለ እውነትነቱ ዋስ አልሆንህም። ስምን ከሥራ ግርጌ ማኖር ኃላፊነትን መቀበል ነው፤ ዛሬ ከሐሰተኛ ወሬ የሚመጣው መቅሠፍት አብዛኛው የሚወለደው የሚያሳልፈው ሁሉ ስም የለሽ በመሆኑ አይደለምን?

ልብስ ሰፊው፦ ይህን እቀበላለሁ፤ ሆኖም ለኔ ዓይነቱ ሰው አርአያ የሚሆን አልነገሩኝም። ከቢሩ ከቢር ነው፤ ሥራው ነው።

መምህሩ፦ እንግዲያው በዘመንህ ያለውን ልጥቀስልህ። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በትምህርት ቤት የተማሩበት የታሪክ መጽሐፍ ስለ አገራቸው ስለ ሐረር የሚነግራቸው ነገር ማጣቱ ሲከነክናቸው ኖሮ፣ ከ1983 ዓ.ም. ገደማ ጀምረው ከየቤቱ የተጣለውንና ሊጠፋ የቀረበውን፣ የእጅ ጽሑፉን፣ ገንዘቡን፣ ጌጡን፣ የተቀዳውን ዜማ ሳይቀር መሰብሰብ ያዙ፤ ማንም ያላዘዛቸው፣ ደመወዝም ያልቆረጠላቸው ሰው መጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው ለሰው አሳዩ፤ ኋላም የራስ ተፈሪ ቤት ተሰጥቷቸው ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ሙዚየም ሆነ። የሚያስገርመኝ ግን መሰብሰባቸው ብቻ አይደለም። የሰበሰቡት መጽሐፍ ገጹ ተበትኖ፣ ቆዳው ተቀዶ ሲያዩ፣ የተረሳውን የጥረዛ ጥበብ ራሳቸው ተምረው በገዛ እጃቸው ሲጠርዙ፣ ለወጣቶችም ሲያስተምሩ መገኘታቸው ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ክብር ይገባቸዋል፤ አልክድም። ነገር ግን በአንድ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ይወጣል። ከአንዱ ተነሥቶ ለሁሉ ሕግ ማውጣት ይቻላል?

መምህሩ፦ የሁሉ ጥቂት ጥቂት ቢደመርስ? ዊኪፔዲያ የተባለው ነጻ መዝገበ ዕውቀት በ1993 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ሰው በትርፍ ጊዜው ያለ ዋጋ ይጽፈዋል ብሎ ያመነ ጥቂት ነበር። ክሌይ ሸርኪ የሚባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ በ2000 ዓ.ም. ገደማ አስልቶ፣ ያ ሁሉ መጽሐፍ በዚያን ጊዜ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ የሰው ሰዓት እንደ ፈጀ፣ አሜሪካውያን ግን በአንድ ዓመት ብቻ ቴሌቪዥን ሲያዩ 200 ቢሊዮን ሰዓት እንደሚያጠፉ ተናገረ። ይህ ማለት በያመቱ 2,000 እንዲህ ያሉ መዛግብት የሚወጡበት ጊዜ በመመልከት ብቻ ያልቃል ማለት ነው። ወደ እኛ ስትመለስ ደግሞ፣ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ አንቀጾች ሲኖሩት፣ በብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የሚነገረው የአማርኛው ወደ 15,000 ገደማ ብቻ ነው ያለው። የቀረው ሕዝባችን የት አለ? እያየ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ይህ ስሌት ነው እኔን የማያሳምነኝ። የሰውን ሰዓት በቁና እንደሚሰፈር ገብስ ቈጠሩት፤ ከዚህ ጎተራ ቀንሰው ወደዚያ ቢገለብጡት የሚሞላ መሰላቸው። በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገሩ ሁሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ጨለማ ሆኖ እንደ ነበር ያስታውሳሉ። ቲክቶክ የለ፣ ፌስቡክ የለ፣ ዩቲዩብ የለ። በሚሊዮን የሚቈጠር ሰዓት በአንድ ሌሊት ነጻ ወጣ። ታዲያ ስንት መጽሐፍ ተጻፈ? ስንት ጊዜ አዲስ ዜማ ተሰማ? እኔ እንደማስታውሰው ሰዉ በፍርሃት ቁጭ ብሎ ዘመድ ሲደውልለት ይጠባበቅ ነበር። ባዶ ሰዓት ብቻውን ማንንም ፈጣሪ አያደርግም።

መምህሩ፦ ያ የመከራ ጊዜ ነበር፤ ደም እየፈሰሰ፣ ሰው ስለ ነፍሱ እየተጨነቀ ሳለ ቅኔ ይቀኝ ዘንድ አይጠበቅበትም።

ልብስ ሰፊው፦ በመከራ ቀን አይሁን፤ በሰላም ቀንስ ምን ያህሉ ሠራ?

ባልቴቲቱ፦ እኔ የሁለታችሁን ሰምቼ ዝም ልል ነበር፤ ግን ሁለታችሁም ሰዓት ሰዓት ትላላችሁ። በኛ ጊዜ ሰዓት የነበረን ይመስላችኋል? ውኃ መቅዳቱ፣ ወፍጮው፣ ልጁ፣ እንግዳው። ሰዓት ሳይኖረን ነው የሰፋነው። ልጃገረዶች ሳለን ሞይ ጋር ወደሚባለው የሥራ ቤት እንገባ ነበር፤ አንዲት ስፌት የምታውቅ ትልቅ ሴት ዘንድ ተሰብስበን ወስፌያችንን ይዘን እንቀመጣለን። እጃችን ይሠራል፤ ጆሯችን ግን ነጻ ነው፤ ወሬው እዚያ ነው፣ ተረቱ እዚያ ነው፣ የሰርጉ ዘፈን እዚያ ነው፣ የማን ልጅ ለማን እንደ ታጨች እዚያ ነው። ወሬ ሳንሰማ ያመሸንበት ቀን የለም። እና መምህር፣ ወሬ መስማት ከሥራ ያስፈታል ቢሉኝ አልቀበልዎትም።

መምህሩ፦ ታዲያ ዛሬ የተፈታው በምን ይመስልዎታል፣ እሜቴ?

ባልቴቲቱ፦ በዓይን። ያ ሁሉ ወሬ የሚፈልገው ጆሮን ብቻ ነበር። ሬዲዮም ሲመጣ ጆሮ ብቻ ነው የወሰደው፤ ሬዲዮ እየሰማን ስንት መሶብ፣ ስንት ሰፌድ ጨርሰናል። ይህ የአሁኑ ግን ዓይን ይወስዳል። ዓይን የሄደ ጊዜ እጅ ይቆማል። የልጅ ልጄን እኔ ዘንድ አስቀምጬ አንድ ዙር ብታዞር፣ ስልኳ ጩኸት ሲያሰማ ዓይኗ ይሄዳል፤ ስትመለስ ቁጥሩ ጠፍቷታል፤ የአለላው ቀለም ተዛብቷል፤ እንደ ገና መፍታት ነው። ከዚያ ሰለቸኝ ትላለች። የሰለቻት ስፌቱ አይደለም፤ መፍታቱ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ እማማ፣ እውነትዎን ነው። እኔም የስፌት መኪናዬ ላይ ሳለሁ ስልኬን ከጎን አኑሬ ትረካ እሰማለሁ፤ በሸገር ሬዲዮ የተነበበ መጽሐፍ ስንቱን ጨርሻለሁ። ስለዚህ ጠላቱ መቀበል አይደለም ስል ነበር።

መምህሩ፦ ይህ እኔ ከተናገርሁት የበለጠ የተለየና የጠራ ነገር ነው፤ እቀበለዋለሁ። ይሁንና እሜቴ ካነሡት ውስጥ አንዱን ልያዝ፤ ስለ መፍታት ያሉትን። ሞይ ጋር ስትሰፉ የተሳሳተውን ማን ነበር የሚፈታው?

ባልቴቲቱ፦ እሷው፣ ትልቋ። እኛ ደህና ነው ብለን ስናሳያት ዝም ብላ ወስፌዋን ታስገባና ከሥሩ ትፈታዋለች። የምታለቅስ አትጠፋም። ከዚያ እንደ ገና።

መምህሩ፦ እኔ ያደግሁበትም ቤት እንዲሁ ነበር። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ቀን ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየነከሰው ይውልና፣ ሲመሽ በአንድ ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ዘአምላኪየውን፣ ሚበዝኁውን እያለ በየመዓርጉ ይወጣል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰዋስው ሲጎድለው፣ ምስጢር ሲሳሳበት በዚያው ያርሙታል፤ የሌላውን ሰርቆ ያቀረበ፣ የራሱንም ደግሞ ያመጣ ይነወራል። ቅኔ ለዕለቱ ነውና። ልጄ፣ አስቀድመህ ሳትናገረው በልብህ ያለውን እኔው ልናገርልህ፤ መፍጠር የጠገበ ሰው ሥራ ነው ትለኛለህ። ይኸው ለማኝ ነበር የሚፈጥረው።

ልብስ ሰፊው፦ በእርግጥ ልልዎት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት በደረሱበት የመንግሥት ሥራ ላይ ሳሉ ከሃያ በላይ መጻሕፍት ጻፉ፤ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም በመንግሥት ሥራ ላይ ሳሉ ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ፤ ግን የእነዚህ ታላላቆች ልብስ የተሰፋው፣ እንጀራቸው የተጋገረው በማን ሰዓት ነው ልልዎት ነበር። ለማኙን ተማሪ ሲያመጡብኝ ያ ክርክር ላላብኝ። ነገር ግን ሌላ ተወለደልኝ። ያ ተማሪ ሌላ ሰው ነበረው። አንድ መምህር ነበረው፤ የሚሰማው፣ የሚያርመው። እማማም ትልቋ ሴት ነበረቻቸው። ለኔ ማን አለኝ? ዛሬ ማታ ቤቴ ገብቼ ግጥም ብጽፍ፣ የሚፈታልኝ የለም። ፌስቡክ ላይ ባወጣው አርባ ሰው ልብ ይሰጠኛል፤ አንዱም እስከ ታች አያነበውም።

መምህሩ፦ ለዚህ መልስ የለኝም ብል ይቀለኛል፤ ግን ጥቂት አለኝ። መምህሩም ተማሪ በመብዛቱ ነበር የሚገኝ። ሁሉ ሰው ሰሚ ብቻ በሆነበት አገር የሚያርም ከወዴት ይመጣል? ቅኔ ያልቆጠረ ሰው ቅኔ ሰምቶ ምስጢሩን አያገኝም፤ ወስፌ ያልጨበጠች ሴትም አንዷን መሶብ ከሌላዋ አትለይም። ሥራን በእጁ የሞከረ ሰው ብቻ ነው የሌላውን ሥራ በሚገባው ልክ የሚያከብር። እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ለመቀበል ስንል እንኳ መሥራት ይኖርብናል።

ልብስ ሰፊው፦ ይህ ጥሩ ነው፤ ግን የሚቀበለው ይበዛል ብለው ነው የሚያስቡት። እኔ የማየው ሠሪው እንደ በዛ ነው። ማታ ከዚህ ከፈላና በር ውጭ ወጣ ብለው ወራባዎቹ ሥጋ የሚበሉበትን ይዩ። እንግዳው ሁሉ ስልኩን ዘርግቶ ይቀርጻል፤ ያው ጅብ፣ ያው እንጨት፣ ያው ሥጋ፣ ያው ብርሃን። ሺህ ሰው አንዱን ነገር ሺህ ጊዜ ፈጠረ ልበል? ዓለም አንድ ተጨማሪ የወራባ ቪዲዮ ያስፈልጋታል?

መምህሩ፦ አያስፈልጋትም። እዚያ ስፍራ ላይ የሚሠራው የሚቀርጸው ሳይሆን የሚያበላው ሰው ነው። እያንዳንዱን ወራባ በስም ጠርቶ ያመጣዋል፤ የትኛይቱ መሪ እንደሆነች፣ የትኛው እንደሚፈራ፣ የትኛዋ ግልገሏን ደብቃ እንደምትመጣ ያውቃል፤ ይህንንም ያገኘው በየማታው ተቀምጦ በማየት ነው። የማየትን ክብር እኔ አልካድሁም። ቪዲዮ ቀራጩ ግን አላየም፤ ስልኩ አየለት።

ልብስ ሰፊው፦ ያ ሰው ግን ገንዘብ ይከፈለዋል። እና ራምቦስ? ቱሪስቱ ሁሉ በስሙ የሚጠራውን ቤት የሚጎበኝለት ፈረንሳዊ ባለቅኔ፣ በአገሩ ስመ ጥር የሆነበትን ግጥም ገና በወጣትነቱ ጥሎ፣ በ1873 ዓ.ም. ወደ ሐረር መጥቶ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ነገደ፤ አንድ ግጥም አልጻፈም። መፍጠር ነፍስን ያን ያህል የሚያጠግብ ከሆነ የጠገበው እንዴት ተወው?

መምህሩ፦ ግጥምን ተወ እንጂ እጁን አልተወም። ፎቶግራፍ ማንሻ ከአውሮፓ አስልኮ በ1875 ዓ.ም. በዚህ ከተማ የራሱንም የሰውንም ሥዕል አነሣ፤ ስለ ኦጋዴን ያጠናቀረውም ጽሑፍ በአገሩ የጂኦግራፊ ማኅበር ታትሟል፤ ከቤተ ሰቦቹም ስለ ሥራ ጥበባት የሚያስረዱ መጻሕፍት ይለምን ነበር። ይሁን፣ የእርሱን ነፍስ ምስጢር ለእርሱ እንተወው።

ልብስ ሰፊው፦ እንግዲያው እስካሁን ያልመለሱልኝን ልንገርዎት፤ ከሁሉ የሚከብደኝ ይኸ ነው። እርስዎ ፍጠር ይሉኛል። ስልኬስ ምን ይለኛል? በከፈትኩት ቁጥር ምን እያሰብህ ነው፣ ጻፍ፣ ቅረጽ፣ ለጥፍ ይለኛል። ፌስቡክን የመሰለው ኩባንያና እርስዎ በአንድ ድምፅ ነው የምትጠሩኝ። ዝም ብዬ የማየው እኔ ለኩባንያው ግማሽ ገበሬ ነኝ፤ የምፈጥረው ግን ሙሉ ገበሬው፣ ያለ ደመወዝ። አሁን ደግሞ ሰው በነጻ የጻፈውን ሁሉ፣ ያንን የሚያደንቁትን ዊኪፔዲያ ሳይቀር፣ በልቶ በሰው ፈንታ የሚጽፍ ማሽን መጥቷል። የትርፍ ጊዜዬን ሥራ ይህ ሊበላው ከሆነ ሰንፌ ብቀመጥ ነጻነቴ አይደለም?

መምህሩ፦ ይህ ጽኑ ነገር ነው፤ በቀላሉ አላልፈውም። ሆኖም ተመልከት፤ ያ ማሽን የሚያውቀው የተጻፈውን ነው። አንድ ልጅ ስለ ሐረር ቢጠይቀው የሚመልስለት በርተን የጻፈውን፣ መንገደኛው የጻፈውን፣ ጎብኚው የለጠፈውን ነው። እኛ ያልጻፍነው በእኛ ስም ሌላው እንደ ተናገረው ሆኖ ይመለስብናል። አቶ አብዱላሂን በልጅነታቸው ያስቆጣቸው ባዶ ገጽ ለልጅ ልጆቻችን በውሸት ተሞልቶ ይጠብቃቸዋል ማለት ነው። ዝምታህ ኩባንያውን አያስርበውም፤ አንተን ብቻ ያጠፋሃል።

ልብስ ሰፊው፦ ስለዚህ አብላው ነው የሚሉኝ?

መምህሩ፦ የግድ እዚያ አድርሰው አላልሁም። በወረቀት ላይ አኑረው። እኔ ከጡረታዬ ጀምሮ የጁጎልን ጠባብ መንገዶች፣ ኡጋዎቹን፣ እየዞርሁ፣ የእያንዳንዱን መንገድ ስም፣ ስሙ ከማን እንደ ተወረሰ፣ በዚያ ማን እንደ ኖረ በደብተር እጽፋለሁ። 368 ናቸው ይባላል። ሽማግሌው ሲሞት ከርሱ ጋር ስሙ ይቀበራልና።

ልብስ ሰፊው፦ ማን አነበበልዎት?

መምህሩ፦ እስካሁን ማንም።

ልብስ ሰፊው፦ ማንም እንደማያነበው በእርግጥ ቢያውቁ ነገ ይተዉታል?

መምህሩ፦ አልተወውም።

ልብስ ሰፊው፦ እንግዲህ ለትውልድ አይደለም፤ ለራስዎ ነው። ማታ ማታ በመጻፍዎ ይደሰታሉ፤ እኔም ማታ ማታ በማየቴ እደሰታለሁ። ደስታን በደስታ ላይ ዳኛ ያደረገው ማን ነው? የርስዎ የከበረ፣ የኔ የተናቀ የሚሆንበትን ምክንያት ደስታ የሚለውን ቃል ሳይነኩ ያስረዱኝ።

መምህሩ፦ ደስታ መሆኑን አልክድም፤ ክዶስ የሚጽፍ ግብዝ ነው። ነገር ግን የእኔ ደስታ ከእኔ ውጭ የሚቆም ነገር ትቶ ያልፋል። እኔ ብሞት ደብተሩ ይተርፋል፤ ሌላው ካቆምሁበት ይቀጥላል፤ ወይም ተሳስቷል ብሎ ይሰርዘዋል። ያንተ የማታ ሰዓት ግን ማንም ሊሰርዘው የሚችል ነገር የለውም። ማንም ሊያርመው የማይችለውን ነገር እንዴት አድርገን ከሰው ጋር እንካፈለዋለን?

ልብስ ሰፊው፦ ደብተሩ የተረፈ እንደሆነ ነው። ስንት የእጅ ጽሑፍ ነው በየሱቁ ስኳር የተጠቀለለበት፤ እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል።

ባልቴቲቱ፦ መምህር፣ ከዚህ ከበሩ ገባ ብሎ ወደ ቀኝ የሚወርደውን ኡጋ ጻፉት?

መምህሩ፦ ጽፌዋለሁ፣ እሜቴ። በዚያ ይኖሩ በነበሩት በሼኩ ስም ነው።

ባልቴቲቱ፦ አይደለም። ሼኩ ኋላ የመጡ ናቸው። በእናቴ ጊዜ መንገዱ የሚጠራው ቤቱን ባሠራችው በሴቲቱ ስም ነበር። ሼኩ ዘንድ ሄዶ ቁርኣን የተማረው ወንዱ ሁሉ ስለሆነ ነው ስሙ የተገለበጠው።

መምህሩ፦ እኔ የሰማሁት ከታመኑ ሽማግሌዎች ነው።

ባልቴቲቱ፦ ወንዶች ናቸዋ። ሴቶቹን ጠየቁ?

መምህሩ፦ እንግዲያው ሁለቱም ስም ይጻፋል።

ባልቴቲቱ፦ አንዱ ስሕተት ሆኖ ሳለ ለምን ይጻፋል? ይፈታ እንጂ።

ልብስ ሰፊው፦ እማማ፣ ሁለቱም ይቆዩ፤ የትኛው ቀደም እንደሆነ ግን ከጎኑ ይጻፍ፤ የነገረውም ሰው ስም አብሮ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ዝግ ነው። ደብተሩን ይዘው ይምጡና፣ እርስዎ እየነገሯቸው መምህር ይጻፉ፤ እኔ ደግሞ ድምፅዎን በስልኬ እቀዳለሁ። ይህን ያልኩት ግን መምህር ስለረቱኝ አይደለም። ስለ ኩባንያው ያነሣሁት ጥያቄ ገና አልተመለሰልኝም፤ የተቀዳውንም ድምፅ የት እንደምናኖረው ሳንስማማ አንዲት ቃል ወደ ውጭ አልለቅም።

መምህሩ፦ እስማማለሁ፤ እሑድም በዚያው ጥያቄ እንጀምራለን።